«እኔ ልቅደም» ወይስ «አብረን እንድረስ»?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከእናንተ መካከል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሩጫ ቡድን ውስጥ ያላችሁ፣ ማለዳ ከኪዳን በኋላ ወይም ከትምህርት መልስ ረዥም ርቀት የምትለማመዱ ጥቂቶች አይደላችሁም። ሩጫ ለአገራችን ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ታቦት የሚያድርበት፣ ጥምቀት የሚከበርበት ጃን ሜዳ የአገር አቋራጭ ሩጫ ውድድር ሲደረግበት የኖረም ሜዳ ነው። ዛሬ ለመመርመር የተነሣነው ግን ስለ ሜዳሊያ አይደለም። የተነሣነው ስለ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ለመቅደም የሚሮጥ ሰው ሊቀድመው ለሚፈልገው ሰው እውነተኛ ወንድም ሊሆን ይችላልን?» የሚል ነው።

1. ጥያቄው ከየት ይመጣል?

በእግር ኳስ ኳሱን ለጓደኛህ ታቀብላለህ። በዱላ ቅብብል ዱላውን ታስረክባለህ። በረዥም ርቀት ሩጫ ግን እግርህንም ሳንባህንም ለማንም አታውስም። መስመሩን መጀመሪያ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንተ አንደኛ ከወጣህ ጓደኛህ ከአንተ በኋላ መሆኑ የግድ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች «የሯጮች ቡድን ማለት አንድ ዓይነት ማልያ የለበሱ ብቸኞች ስብስብ ነው» ይላሉ። አባባላቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ጓደኛው ሲያነክስ በልቡ «ቦታው ለእኔ ሆነ» የሚል ልጅ በየቡድኑ አይጠፋም።

ይህ ነገር በሩጫ ሜዳ ብቻ አይቀርም። በክፍል ውስጥ ደረጃ ሲወጣ፣ ለብሔራዊ ፈተና ስንዘጋጅ፣ ኋላም ሥራ ስንፈልግ ያው ጥያቄ ይከተለናል። ደብተሩን ለጓደኛው ማዋስ የሚፈራ ተማሪ የሚያስበው «እርሱ ካወቀ እኔ እበለጣለሁ» ብሎ ነው። እንግዲህ በሜዳ ላይ ትክክለኛውን መልስ ብናገኝ ለቀረው ኑሯችንም ይጠቅመናል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ የሯጭን ምሳሌ ያነሣበት ምክንያት አለው። በከተማቸው አጠገብ የኢስትምያ ውድድር ይደረግ ስለ ነበር የሚለው ነገር ይገባቸዋል። ሯጩ የሚጠወልግ የቅጠል አክሊል ለማግኘት ይህን ያህል ሰውነቱን የሚገዛ ከሆነ፣ የማይጠወልገውን የሚሻ ክርስቲያን ምን ያህል ሊተጋ ይገባው ይሆን? ነው የሐዋርያው አሳብ። ሐዋርያው ሯጩ ለማሸነፍ መሻቱን እንደ ነውር አልቈጠረበትም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

2. መብለጥን መሻት ኃጢአት ነውን?

በቋንቋችን «ቅናት» የምንለው አንድ ቃል ሁለት ልጆች አሉት። አንደኛው ቅናት «እርሱ የደረሰበት እኔም ልድረስ» ይላል። ሁለተኛው «እኔ ካልደረስሁ እርሱም አይድረስ» ይላል፤ የዚህኛው ትክክለኛ ስሙ ምቀኝነት ነው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ጊዜ ሰው ራሱ የትኛው እንደ ያዘው አያውቅም።

ለመለየት የሚረዳ አንድ ፈተና አለ። ነገ ውድድር ሆኖ ዛሬ ማታ «ዋናው ተፎካካሪህ ታመመ» ቢሉህ የመጀመሪያ ስሜትህ ምንድን ነው? ምቀኛው ደስ ይለዋል። ቀና ሰው ግን ያዝናል፤ የሚያዝነውም ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለራሱም ነው። ለምን ቢባል፣ በሽታ ያሸነፈውን ሰው መቅደም ስለ ራስህ ጉልበት ምንም አይነግርህም። ድልህ እውነተኛ የሚሆነው ተፎካካሪህ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ሲቆም ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ በእውነት ለማሸነፍ የሚፈልግ ሰው የተፎካካሪውን ጤናና ብርታት የሚመኝ መሆኑን ነው። ያለዚያ የሚፈልገው ሽልማቱን እንጂ ድሉን አይደለም።

ከዚህም በላይ ተፎካካሪ የምንለው ሰው ረዳታችን ነው። በቡድን የሮጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከፊት የሚሮጠው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው የሚከተለው ያን ያህል አይደክምም። ከፊት ያለው ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ የኋለኛው በእግሩ ምት ላይ የራሱን እግር ያሳርፋል፣ አሳቡም ያርፋል። በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ሯጮች በአንድ መስመር ተከታትለው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ያየ ሰው ይህን ተመልክቷል። ማይክል ክራውሊ የሚባል የስኮትላንድ ኤድንብራ ተመራማሪ ከአንድ ዓመት በላይ በአገራችን ከሯጮች ጋር አብሮ እየኖረና እየሮጠ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። በሯጮቹ ዘንድ ካገኛቸው አሳቦች አንዱ፣ ብቻውን የሚሮጥ ለጤናው ያህል ነው፣ ለመለወጥ የሚፈልግ ግን ከሌሎች ጋር መሮጥ አለበት የሚል ነው። እንግዲህ የዛሬው ሰዓትህ ከአምናው የተሻለው ከጐንህ ሆኖ የሮጠ ስለ ነበረ ነው። በውድድሩ ቀን የምትቀድመው እርሱን ነው፤ ለመቅደም ያበቃህም እርሱ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በምን አፉ ይመቀኛል?

በጥቅምት 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2009) በኒው ዮርክ ማራቶን የሆነውን እናስታውስ። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ሕመም ተሰምቷት ወደ ኋላ መቅረት ስትጀምር ደራርቱ ቱሉ አይዞሽ እያለች አብራት እንድትሮጥ አበረታታቻት። ፓውላ ልትቀጥል ሳትችል በአራተኛነት ጨረሰች፤ ደራርቱም ውድድሩን አሸነፈች። ደራርቱ ለመሸነፍ አልሮጠችም፤ የሌላዋን ውድቀት ግን ለድሏ መሰላል ልታደርገው አልፈለገችም። እንዲህ ያለው ልብ በውድድር ቀን ድንገት አይበቅልም። በልጅነት፣ በልምምድ ሜዳ የተተከለ መሆን አለበት።

3. የአምስተኛው ልጅ ክብር

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚደረገው የአገር አቋራጭ ሩጫ አቈጣጠር ለጥያቄያችን ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ አገር የሚኖሩ የወገኖቻችን ልጆችም የሚሮጡበት ውድድር ነው። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ከየትምህርት ቤቱ ሰባት ሰባት ልጆች ይሰለፋሉ። ውጤት የሚያዘው የመጀመሪያዎቹ አምስት የወጡበት ደረጃ ተደምሮ ነው፤ ያነሰ ድምር ያለው ትምህርት ቤት ያሸንፋል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ቡድኖችን እናስብ። የአንደኛው ቡድን ልጆች 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 20ኛና 34ኛ ወጡ እንበል፤ ድምሩ 60 ነው። የሁለተኛው ቡድን ልጆች 7ኛ፣ 8ኛ፣ 9ኛ፣ 10ኛና 12ኛ ወጡ፤ ድምሩ 46 ነው። ሦስቱን የመጀመሪያ ደረጃዎች ጠራርጎ የወሰደው ቡድን ተሸነፈ፤ አንድም ልጅ ከሰባተኛ በላይ ያላወጣው ቡድን አሸነፈ። አምስተኛው ልጅ ሁለት ሰው ቢቀድም ለቡድኑ የሚያስገኘው ጥቅም፣ የመጀመሪያው ልጅ ሁለት ሰው ቀድሞ ከሚያስገኘው እኩል ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ልጆችም ለከንቱ አይሮጡም። የእነርሱ ደረጃ በራሳቸው ድምር ባይገባም የሌላውን ቡድን ሯጮች ከቀደሙ የዚያን ቡድን ድምር ያከብዱበታል። ሁለት ቡድኖች እኩል ድምር ቢያመጡም የሚለያቸው የስድስተኛው ልጅ ደረጃ ነው።

ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ስብከት ሊያስተምሩ አልነበረም፤ ውድድር ሊዳኙ ነው። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አካልና ስለ ብልቶች ያስተማረውን የሚያስታውስ ሆኖ እናገኘዋለን። ደካማ የሚመስለው ብልት የሚያስፈልግ ሆኖ ይገኛል። ጋዜጣ የማይጽፍለት፣ ፎቶግራፍ የማይነሣው አምስተኛው ልጅ ቡድኑን ይጥላል ወይም ያነሣል። በመዘምራን መካከል እንኳ መዝሙሩን የሚያሳምረው የአንዱ ድምፅ መጉላት ሳይሆን የኋለኞቹ ከፊተኞቹ ጋር መስማማት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አምስተኛውን ልጅ የምናከብረው ነጥብ ስለሚያመጣ ብቻ ከሆነ ገና ወደ ፍቅር አልደረስንም። ነገ ስምንተኛ ሆኖ ከተሰላፊነት ቢወጣ እንረሳዋለን ማለት ነው። ሰው የሚከበረው የእግዚአብሔር መልክ ስላለው ነው። የነጥቡ ሕግ ዐይናችንን ወደ ኋላ እንድናዞር ያስተምረናል፤ ዐይናችን ከዞረ በኋላ ግን ልናይ የሚገባን ሰውየውን እንጂ ነጥቡን አይደለም።

4. መጠበቅ እስከ የት ነው?

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «የኋለኛውን እንጠብቅ ካልን ሁላችን ኋለኞች መሆናችን አይደለምን? ተሰጥኦ ያለው ልጅ ለጓደኛው ሲል ስጦታውን ይቅበር?» ይላሉ። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ እንደ ተወቀሰ ስለምናውቅ ተቃውሞው ቀላል አይደለም።

በነሐሴ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) በአቴንስ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ላይ ይህ ጥያቄ በዓለም ፊት ተነሣ። በሁለት ኦሎምፒኮች አከታትሎ ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከጅማት ጉዳት ጋር እየታገለ ነበር የሮጠው። እየደከመ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ ደጋግመው ወደ ኋላ እየተመለከቱ ጠበቁት። ሊደርስባቸው አልቻለም። በመጨረሻ ጥለውት ሄዱ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ወጡ። ሦስተኛውን ቦታ ኤርትራዊው ዘርአሰናይ ታደሰ ወሰደ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

አንዳንዱ «መጠበቃቸው ስሕተት ነው፤ ወርቁን ሊያጡት ይችሉ ነበር» ይላል። ሌላው «ጥለውት መሄዳቸው ያሳዝናል» ይላል። እኛ ግን ሁለቱንም ትክክል አደረጉ እንላለን። መጠበቃቸው ትክክል ነበር፤ መንገዱን ከፊታቸው የጠረገላቸው ታላቅ ወንድማቸው ነውና። መሄዳቸውም ትክክል ነበር፤ ሊደርስ አለመቻሉ ከታወቀ በኋላ ቢቆሙ ለእርሱ የሚጨምሩለት ምንም አልነበረም።

ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በስድስተኛው ምዕራፍ ላይ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስል ትምህርት አለ። በመጀመሪያ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዝዛል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። በግሪኩ ንባብ ግን ሁለቱ ቃላት የተለያዩ ናቸው። የፊተኛው የሚያጐብጥ ከባድ ክብደት ነው። የኋለኛው አንድ መንገደኛ በትከሻው የሚይዘው የራሱ ጓዝ ነው። በዚህ መለኪያ ብንሄድ ችግራችን ይፈታል። የእግሬ ድካም፣ የልምምዴ ላብ፣ ማለዳ የመነሣት ግዴታዬ የራሴ ጓዝ ነው፤ ጓደኛዬ እንዲሸከምልኝ ልጠይቀው አይገባኝም። ጉዳት፣ ረኃብ፣ የቤተ ሰብ ኀዘን፣ መሳቂያ መሆን፣ ተስፋ መቍረጥ ግን የሚያጐብጥ ክብደት ነው፤ ይህን ለአንዱ ብቻ መተው ኃጢአት ነው። አባቶቻችንም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለዋል።

5. አንድነት ያለ እውነት

መልካም ቡድን ማለት ሁሉም በአንድ ላይ የሚሄድበት ብቻ እንዳይመስለን። በመጋቢት 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1981) በማድሪድ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሩጫ ውድድር ኢትዮጵያውያን በብዛት ከፊት ሆነው ይመሩ ነበር። ነገር ግን አንድ ዙር ሲቀር የመጨረሻው ዙር መሰላቸውና ጉልበታቸውን አውጥተው ሮጡ። ገና አንድ ሙሉ ዙር መቅረቱን ሲያውቁ ደክመው ነበር። መሐመድ ከድር እስከ መጨረሻ ቢታገልም አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ቀድሞት አሸነፈ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ሁሉ ተከትሎ ሊሳሳት ይችላል። በአንድነት የተሠራ ስሕተት ስሕተትነቱ አይቀርም። በቡድን ውስጥ «ወንድሞቼ፣ ገና አንድ ዙር ይቀራል» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ብዙዎች በዕድሜ ላይ ሲዋሹ፣ ሰውነት የሚጐዳ መድኃኒት በድብቅ ሲዘዋወር፣ አንዱ ልጅ ሲዋረድ «ቡድናችንን እንዳናሰድብ» ብሎ ዝም ማለት ታማኝነት አይደለም። ዕድሜውን ቀንሶ ከታናናሾቹ ጋር የሚሮጥ ልጅ የአንድ ታናሽ ወንድሙን ቦታ ሰርቋል፤ ይህን እያወቁ የሚያጨበጭቡለትም ከስርቆቱ ተካፍለዋል።

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን የሆነው መልካም ነገር አለ። በዚያን ዘመን የቡድን ውጤት የሚያዘው በስድስት ሯጮች ድምር ነበር። ኢትዮጵያውያኑ ደክመውም ተበሳጭተውም ሩጫቸውን አላቋረጡም፤ እያንዳንዱ የቻለውን ያህል ታግሎ ገባ። ስለዚህ የግሉ ድል ቢያመልጥም የቡድኑን ዋንጫ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። ከዚያም አከታትላ እስከ 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1985) ድረስ አምስት ጊዜ አሸነፈች። መሐመድ ከድርም በዓመቱ የግሉን ውድድር አሸነፈ። በኅብረት የተሳሳቱትን ያዳናቸው በኅብረት አለማቋረጣቸው ነው።

6. በቡድናችን ምን እናድርግ?

አሳብ ብቻውን ቡድን አይሠራምና በየትምህርት ቤታችን ልንለምዳቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን እናቅርብ።

ሀ/ ቀላል የሩጫ ቀንና ከባድ የሩጫ ቀን ይለዩ። በቀላሉ ቀን ፈጣኑ ዝግ ብሎ ከሁሉ ጋር ይሩጥ፤ ለአካሉም ዕረፍት ነው፣ ለኋለኛውም ክብር ነው። በከባዱ ቀን ሁሉም እንደ አቅሙ በሁለት በሦስት ተከፍሎ ይሩጥ። በዚህ መንገድ የፈጣኑ መክሊት አይቀበርም፣ የደካማውም ልብ አይሰበርም።

ለ/ ከፊት ሆኖ መምራት በተራ ይሁን። ሁልጊዜ ከሰው ጀርባ ተሸሽጎ ሮጦ በመጨረሻዋ መቶ ሜትር ብቻ ብቅ የሚል ልጅ በልምምድ ቀን የጓደኞቹን ጉልበት በልቷል።

ሐ/ የመጨረሻው ልጅ ሳይገባ ማንም ልብሱን ለብሶ ወደ ቤቱ አይሂድ። ለፊተኞቹ የአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ናት። ለመጨረሻው ልጅ ግን ባዶ ሜዳ ላይ መድረስና ወንድሞቹ ቆመው ወደሚጠብቁት ቦታ መድረስ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መ/ የተጐዳ ጓደኛ ከሜዳ አይቅር። ሰዓት ይያዝ፣ ዙር ይቍጠር፣ ውኃ ያቀብል። ሽባውን ሰው በአልጋው ተሸክመው ጣራ ነድለው ያወረዱትን አራት ሰዎች እናስብ፤ ጌታ የተመለከተው የእነርሱንም እምነት ነው። የተጐዳውን «ለምን ታርፋለህ? ሰነፍ!» ማለት ግን ጉዳቱን ደብቆ እንዲሮጥና አጥንቱ እንዲሰበር መግፋት ነው።

ሠ/ ስለ ሰውነት ክብደት ቀልድ አይኑር፤ በተለይ ለእኅቶቻችን። «ቀጭኗ ትፈጥናለች» እየተባለ ምግብ የምትቀንስ ልጅ በመጀመሪያ የፈጠነች ሊመስላት ይችላል። ነገር ግን ሩጫው የሚጠይቀውን ያህል የማትመገብ ልጃገረድ የወር አበባዋ ይዛባል፣ አጥንቷ ይደክማል፣ በቀላሉም ይሰነጠቃል። ይህ በወንዶችም ላይ ጉዳት ያመጣል። ጾምን በተመለከተ እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን ያማክር። የጾም ምግባችን ምስሩም ሽምብራውም ኃይል የሚሰጥ ነው፤ ችግር የሚመጣው ከልምምድ በኋላ ሳይበቃን ስንቀር ነው። አንዱ በሌላው ጾም ላይ ዳኛ አይሁን፤ ለመቅጠን የሚደረገውንም ጾም ብለን አንጥራው።

ረ/ ታላላቆች ታናናሾችን አያዋርዱ። አዲስ የመጣውን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጫማ ተሸካሚ ማድረግና ቅጽል ስም ማውጣት «ልማድ ነው» ይባላል። ልማድ ከሆነ መልካም ልማድ እናስጀምር፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ አንድ ታላቅ ይመደብለት። ማሟሟቂያውን ያሳየው፣ የሚሮጥበትን መንገድ ያስለምደው፣ የአስተማሪዎቹንም ጠባይ ይንገረው።

7. ለማይመረጡት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በአገራችን ሩጫ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ቤተ ሰብ የእንጀራ ተስፋ ነው። ክለብ የገባ ልጅ ደመወዝ ያገኛል፣ እናቱን ይረዳል። ስለዚህ ብዙዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ይሮጣሉ። የሚመረጡት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በአርሲ የምትገኘውን በቆጂን ሁላችን እናውቃታለን። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የሮጡባት ናት። አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ በዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እነዚህን ስሞች በጠራን ቍጥር ልናስብ የሚገባን፣ በዚያው ሜዳ በዚያው ማለዳ አብረዋቸው የሮጡትን ስማቸውን የማናውቃቸውን ልጆች ነው። ያለ እነርሱ ልምምድ የለም፤ ነፋስ የሰበረ፣ ከኋላ የገፋ፣ ውድድሩን ውድድር ያደረገ እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ የአንድ ቡድን መልካምነት የሚለካው አንደኛው ልጅ በወሰደው ዋንጫ ብቻ አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ የመጨረሻው ልጅ ከቡድኑ ምን ይዞ ወጣ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ዋጋ የለህም» የሚል ቍስል ይዞ ከወጣ፣ ያ ቡድን ሃያ ዋንጫ ቢደረድርም ወድቋል። ጤናማ አካል፣ የማለዳ መነሣት ልማድ፣ የተጠናቀቀ ትምህርት፣ ሲያገባ የሚያጅቡት ሲያዝን የሚያጽናኑት ወዳጆች ይዞ ከወጣ፣ አንድም ጊዜ ባያሸንፍ እንኳ ሩጫው ከንቱ አልሆነም። ስለዚህም ተስፋ የተጣለበት ጓደኛችን ደብተሩን ጥሎ ሲሄድ ዝም ብለን ማየት አይገባንም። «ሩጥ፤ ነገር ግን ትምህርትህንም ጨርስ፤ የጐደለህን ማስታወሻ እኛ እንጽፍልሃለን» ማለት ዙር መቍጠር ነው።

ማጠቃለያ

በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው እንመለስ። ለመቅደም የሚሮጥ ሰው ለሚቀድመው ሰው ወንድም ሊሆን ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። የሚችለውም ሦስት ነገር ሲያውቅ ነው፤ ተፎካካሪው ረዳቱ መሆኑን፣ የራሱን ጓዝ ራሱ እየያዘ የሚያጐብጠውን ክብደት ግን መካፈል እንዳለበት፣ ከመስመሩ ካለፈ በኋላም ዘወር ብሎ የሚመጡትን መጠበቅ እንደሚገባው። «እኔ ልቅደም» እና «አብረን እንድረስ» የሚጣሉት የመጀመሪያው ብቻውን ሲቀር ነው። ቀድሞ የደረሰ ሰው ለሚመጡት እጁን ለመዘርጋት የመጀመሪያው ዕድለኛ ነው።

በመንፈሳዊው ሩጫችንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ቅዱሳን ሩጫቸውን ጨርሰው አክሊላቸውን ተቀብለዋል፤ ነገር ግን ጀርባቸውን አላዞሩብንም፤ እንደ ደመና ከበውን ስለ እኛ ይማልዳሉ። በመንግሥተ ሰማያት ደግሞ የአንዱ መግባት የሌላውን ቦታ አያጠብም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ/ በምትሮጡበት ወይም በምታገለግሉበት ቡድን ውስጥ «አምስተኛው ልጅ» ማን ነው? ባለፈው ሳምንት ምን ብላችሁታል?

2ኛ/ ጓደኛችሁ ጉዳቱን ደብቆ ለመሮጥ ቢያስምላችሁ ለአሠልጣኙ ትናገራላችሁን? ለምን?

3ኛ/ ከራሳችሁ ጓዝ ውስጥ ለሌላ ሰው የጫናችሁት አለን? ከሌላውስ ክብደት ውስጥ እያያችሁ ያለፋችሁት?

የፊተኞችንም የኋለኞችንም ጕልበት የሚያጸና አምላክ ሩጫችንን ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።